ሐናን የጠላሁበት ምክንያት

ሐናን ከልጅነቴ ጀምሮ አልወዳትም ነበር። የጎረቤት ሐና ማለቴ አይደለም፤ የኦሪቷን፣ የነቢዩ ሳሙኤልን እናት ነው። የሙስሊም ልጅ ሆነሽ ከእሷ ጋር ምን አጣላሽ የሚለኝ አይጠፋም። ያጣላችን እትዬ የሺ ናት።

እትዬ የሺ ነገሌ ቦረና፣ እኛ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ የምትሰፋ ሴት ነበረች። እናቴ መሱዳ ውስጥ ሆና ጨርቅ ትሸጣለች፤ ገዢው ጨርቁን በክንዱ ይዞ ሲወጣ የሺ በረንዳው ላይ ከስፌት መኪናዋ ጀርባ ትቀበለዋለች። አባቴ ዓብዱሰመድ ጨርቁን ከሞያሌ ወይ ከዶሎ ኦዶ ሲያመጣ ስለሚከርም ቤቱም ሱቁም የሁለቱ ሴቶች ነበር። መሱዳ ትሰግዳለች፣ የሺ ታማትባለች፤ ለምሳ ግን አንድ ትሪ ላይ ይቀርባሉ። ጾም በሆነ ቀን ብቻ የሺ ሳህኗን ይዛ ወደ ጥግ ፈንጠር ትላለች።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁና እንገላገል። የወለደችኝ የሺ ናት፤ ያጠባችኝና ያሳደገችኝ መሱዳ ናት። ይህን ያወቅሁት ልዳር ስል ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ አንዲት ምንም የማታውቅ ልጅ ያየችው ነው። አሁን የእናቴን ሱቅ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ የጨርቁን እንከን አስቀድሜ ሳላሳይ መሸጥ አልወድም።

በእኛ ቤት ትልቅ ሰው ሁሉ አንቱ ይባላል። ለኡስታዛችን አንቱ፣ ውሃ ለሚያመላልሰው ሽማግሌ አንቱ። የሺን ግን አንቱ ስላት መኪናዋን ታቆማለች።

"አንቺ በይኝ" ትለኛለች። "አንቱ ስትይኝ ይበርደኛል።"

ነገሌ ላይ፣ በዚያ ሐሩር፣ የሚበርዳት ሰው። እኔ ማርጀት ስላልፈለገች መስሎኝ እስቅባት ነበር።

እየሰፋች ታወራልኛለች። የምታወራቸው ሰዎች የሩቅ አገር ሰዎች ሆነው አልታዩኝም። አብርሃም እንግዶቹን የተቀበለበት ዛፍ ከከብት ገበያው ማዶ ያለው ኦዳ ነው። ሙሴ የምድያምን ልጃገረዶች በጎች ያጠጣበት ጉድጓድ የቦረና ኤላ ነው፤ ወንዶቹ ከታች እስከ ላይ ተደርድረው እየዘፈኑ ውሃ የሚቀባበሉበት ጥልቅ ጉድጓድ። ሙሴ ይህን ለብቻው ሠራ ስትለኝ ጉልበቱን አደነቅሁ። እናቱ በቅርጫት አድርጋ ያስቀመጠችው ገናሌ ወንዝ ላይ ነው። የገናሌን አዞ ስለማውቅ ያንን ክፍል ስሰማ እግሬን ሰብስቤ ነው የምቀመጠው።

ቁርኣን ቤት ስሄድ ደግሞ እነዚያው ሰዎች በሌላ ስም ይጠብቁኛል፤ ሙሳ፣ ኢብራሂም፣ ዩኑስ፣ ዳውድ። ይህም አልገረመኝም። ነገሌ ውስጥ ቤት በአንድ ስም፣ ገበያ በሌላ ስም የሚጠራ ሰው ሞልቶ ነበር። የሳሙኤልን እናት ታሪክ ግን ከየሺ በቀር የሚያወራልኝ አልነበረም። መጀመሪያ የሰማሁት የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ለዒድ ቀሚስ ስትለካኝ ነው። ዝናብ ጥሎ ገበያተኛው ተበትኗል፤ ቀዩ ጎርፍ መንገዱን ሞልቶ ይወርዳል። የሺ አፏ ውስጥ መርፌ ይዛ፣ ተንበርክካ፣ የቀሚሴን ጠርዝ ታጥፋለች።

"ሐና ልጅ አልነበራትም" አለች። "ጣውንቷ ታሾፍባታለች። ቤተ መቅደስ ሄዳ አለቀሰች። ድምፅዋ አይሰማም፣ ከንፈሯ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ካህኑ ዔሊ በሩ ላይ ተቀምጦ ሲያያት የሰከረች መሰለው።"

"ዔሊ ሽማግሌ ነው?"

"ሽማግሌ ነው። ጺሙ እስከዚህ" አለችና ደረቷን ነካች። "ልጅ ከሰጠኸኝ መልሼ ላንተው እሰጣለሁ ብላ ተሳለች። ሰጣት። ጡት እስኪጥል አጠባችው። ከዚያ እጁን ይዛ ሄዳ ለዔሊ ሰጠችው።"

"ለሁልጊዜ?"

"ለሁልጊዜ።"

"ልጁ አላለቀሰም?"

መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣች። "እሱን መጽሐፉ አይናገርም" አለች። "እሷ ግን በየዓመቱ በልኩ ልብስ እየሰፋች ትወስድለት ነበር።"

"እኔ ብሆን ልብሱን አልለብስም። መጥፎ ናት። ስንት ለምና ያገኘችውን ልጅ ለሰው የምትሰጥ እናት ትኖራለች?"

የሺ ተነሳች። ክር አለቀብኝ ብላ በዝናቡ ውስጥ ወደ ማዶ ሱቅ ተሻገረች። የክር ሳጥኗ እግሬ ስር ነበር፤ ክዳኑን ገልጬ ሳይ ጢም ብሎ ሞልቷል። እንግዲህ እትዬ የሺም መርሳት ጀመራት አልኩ። በስብሳ ተመለሰች፤ ክርም አልያዘችም። ዓይኗ የቀላው በጎርፉ አቧራ መስሎኝ ነበር። ጎርፍ አቧራ እንደሌለው ለማወቅ ነገሌ መወለድ እንኳ አያስፈልግም፤ ልጅ ግን አንዴ ምክንያት ካገኘ አገላብጦ አያይም።

ማታ እናቴ ፀጉሬን ስትሠራኝ ሁሉንም አወራሁላት። ሐና መጥፎ ናት ብዬ አፌን ሞልቼ ስናገር ማበጠሪያውን በአየር ላይ ያዘችው።

"ለየሺ እንዲህ አልሻት?"

"አዎ። ውሸት ነው እንዴ?"

"ኢንታላ ኮ" አለች፤ ስትራራልኝ በኦሮምኛ 'ልጄ' ነው የምትለኝ። "ሰው የሰጠ ሁሉ ጠልቶ አይደለም የሚሰጠው። የሙሳን እናት አስቢ። ሕፃኑን ወንዝ ላይ ስታስቀምጥ ልቧ ባዶ ቀረ። ልጄ ነው ብላ ልትጮህ ነበር። አላህ ልቧን ባያስርላት ኖሮ ትጮህ ነበር።"

"የሙሳ እናት ግን መልሳ አገኘችው" አልኩ። ይህን በደንብ ነበር የማውቀው። "ከሌላ ሴት አልጠባ ብሎ፣ በፈርዖን ቤት እናቱ ራሷ አጠባችው።"

"ኤዬ፣ አጠባችው" አለች እናቴ፤ አዎ ማለቷ ነው። "እሷስ ዕድለኛ ናት። አጠባችው።" ከዚያ ፀጉሬን አጥብቃ ጎንጉና ጨረሰች፤ አላወራችኝም።

ዛሬ ያን ዝምታ እንዲህ ነው የማነበው። በሰማንያ ሦስት ግንቦት፣ መንግሥት ወድቆ የነገሌ ጦር ሰፈር ሲበተን፣ የሺ የአንድ ወታደር ሚስትና የጥቂት ቀን አራስ ነበረች። ባሏ ብርሃን ከአንድ ቀን በፊት መንገድ ላይ ተመትቶ ሞቷል። እሷ ትኩሳት ይዟት ራሷን አታውቅም፤ ጡቷም ደርቋል። በዚያው ሳምንት መሱዳ የመጀመሪያ ልጇን ቀብራ፣ ጡቷ ወተት አግቶ እያቃጠላት ትተኛ ነበር። አንዲት ጎረቤት እኔን በጨርቅ ጠቅልላ ከአንዷ ቤት ወደ ሌላዋ ወሰደችኝ። የሺ ገና ትኩሳቱ ሳይለቃት ተነስታ መሄድ ስትጀምር እኔ የመሱዳን ደረት ለምጄ፣ በየሺ እጅ ስገባ እጮህ ነበር። ዘመድ በአቅራቢያ የላት፣ ቤት የላት፣ ወተት የላት። ሽማግሌዎች ባሉበት በጉዲፈቻ ሰጠችኝ። በአገሩ ወግ የሰጠ ሰው ዳግም 'ልጄ' አይልም፤ የሺም አልልም ብላ ማለች። መሱዳ በፊናዋ ከበረንዳዬ አላርቅሽም አለቻት። ለዚህ ነው መሱዳ የሙሳን እናት ዕድለኛ ያለቻት፤ የሺ ያንን እንኳ አላገኘችም።

ያን ዕለት ማታ ግን እኔ ሌላ ሐሳብ ነበረኝ።

"እማ፣ እኔንም ለምነሽ ነው ያገኘሽኝ?"

"አልቅሼ ነው እንጂ።"

"ተስለሽ ነበር?"

ሳቀች። "ምን ያልተሳልኩት አለ ብለሽ ነው" አለችና ግንባሬን ሳመችኝ።

እኔ ግን አልሳቅሁም። አንሶላ ውስጥ ገብቼ ሐናን አሰብኩ።

ዒድ አልፎ ብዙም ሳይቆይ አንድ እንግዳ መጣ። ከአውቶቡስ ወርዶ በቀጥታ ወደ በረንዳችን ሲመጣ አየሁት። ረጅም፣ በዚያ ሐሩር ጋቢ የደረበ፣ ጺሙ እስከ ደረቱ የወረደ ሽማግሌ። የሺ ስታየው መቀሷ ከእጇ ወደቀ። አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ የሰፈሩ ሰው ተሰበሰበ። ሙሉነህ ይባላል፤ ከጎጃም የመጣ ታላቅ ወንድሟ ነው። ቤተሰቡ ሞታለች ብሎ ተዝካሯን አውጥቶ ነበር አሉ። አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ነገሌ የምትሰፋ የአገራችሁ ልጅ አለች ብሎ ነግሮት ነው ያን ሁሉ መንገድ የመጣው።

ሙሉነህ ክፉ ሰው አልነበረም። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ላቡን በጋቢው ጫፍ እየጠረገ እኔን ያየኛል። ስጠጋው ጉንጬን ይነካና ፊቱን ያዞራል። "የአባቷን ግንባር" ሲል ሰማሁት። ዓብዱሰመድን ገና አላየውም፤ አባቴ መንገድ ላይ ነበር። ሽማግሌ ነውና ይዘባርቃል ብዬ አለፍኩት። ጺሙን ግን ደጋግሜ አየሁት። እስከ ደረት ነው።

አባቴ ሲመለስ ከሱቁ ጀርባ ባለው ክፍል በሩ ተዘግቶ ተወያዩ። የሺ አልነበረችም፤ ዕቃዋን ላዘጋጅ ብላ ቤቷ ሄዳለች፤ እናቷን ልትጠይቅ አገሯ ልትሄድ መሆኗን ሰምቼ ነበር። እኔ ሱቁ ውስጥ፣ ከጣቃዎቹ ጀርባ ገብቼ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። ከሰማሁት ግማሹ በኦሮምኛ፣ ግማሹ በአማርኛ ነው፤ ሁለቱንም አውቃለሁ። ያልገባኝ ቋንቋው አልነበረም።

"መሱዳ፣ ሰከን በይ" አለ አባቴ። "ማንም ስጪ አላለሽም። መሐላ አለ፣ ሽማግሌ አለ።"

"ለአላህ ብዬ ነው የምሰጣት" አለች እናቴ። "እኔ ሳልወስን ሌላ ሰው እንዲወስንልኝ አልፈልግም።"

"እግዜር ውለታችሁን ይክፈላችሁ" አለ ሙሉነህ። "እኔም ልነጥቅ አልመጣሁም። እናታችን ግን ዓይኗ ሳይከደን አይታት ብትሞት..."

"አንቱ፣ ስሙኝ" አለችው እናቴ። "ልጅቷን አውቶቡስ ያስመልሳታል። ሎሚ እይዝላታለሁ፤ መስኮት አጠገብ አስቀምጧት። ወተት ያለ ስኳር አትጠጣም። ስታስነጥስ ደረቷን ሸፍኑላት፤ ቶሎ ይይዛታል።"

ያቺ ልጅ ከእኔ በቀር ማን ልትሆን ትችላለች። በበሩ ቀዳዳ ሳይ እናቴ አልጋው ላይ ልብሴን እያጣጠፈች ሻንጣ ውስጥ ትከታለች፤ የዒዱን ቀሚስ ከሁሉ በላይ አደረገችው። እንባዋ ይወርዳል፤ እጇ ግን አይቆምም።

ሁሉም ነገር ቁልጭ ብሎ ታየኝ። እናቴ ሐና ናት። ለምና ወለደችኝ፣ ተሳለች፣ የስለቱ ቀን ደረሰ። ይህ ጺማም ሽማግሌ ዔሊ ነው። እኔ ሳሙኤል ነኝ። ወንድ አለመሆኔ ትንሽ ግራ አጋባኝ እንጂ ሌላው ሁሉ ይገጥም ነበር።

በጓሮ በር ወጥቼ ሮጥኩ። ነገሌ ላይ ይህን ሴራ የማያውቅ አንድ ትልቅ ሰው ብቻ ቀርቶኛል፤ እሷም ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ በአንዲት ክፍል ቤት ተከራይታ የምትኖረው የሺ ናት። ከብት የጫኑ አይሱዙዎች መካከል ገብቼ፣ አንድ ጫማዬን ጥዬ ደረስኩ። በሯ ክፍት ነው። አልጋዋ ላይ የታሰረ ሻንጣ፣ ጠረጴዛዋ ላይ ለመንገድ የተጋገረ ድፎ ዳቦ። ለአንድ ሰው ይህ ሁሉ ዳቦ ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። አጠገቡ በአዲስ ጨርቅ የተሰፋ፣ በእኔ ልክ የሆነ ወፍራም ሹራብ መሳይ ካፖርት ነበር፤ አገሯ ብርድ ነው። እሱንም አይቼ አላየሁትም።

ቀሚሷን ይዤ ተንጠለጠልኩ።

"እትዬ የሺ፣ እናቴ ልትሰጠኝ ነው።"

"ለማን?"

"ለዔሊ።"

አልሳቀችም። ወዲያው ገባት። ፊቷ ቀስ እያለ ሲለወጥ አየሁ፤ እኔ በእናቴ የተናደደች መሰለኝ።

"ተስላ ነበር" አልኩ እየተንሰቀሰቅሁ። "ለአላህ ብዬ ነው ስትል ሰማኋት። ልብሴን እያሰናዳች ነው። ሎሚም ልትሰጠው ነው። አንቺን ትሰማሻለች፤ ሂጂና ንገሪያት። ሽማግሌው ከእናቴ እንዳይወስደኝ አድርጊልኝ።"

አቀፈችኝ። ጭንቅላቴ ደረቷ ላይ ነበር፤ ልቧ ሲመታ ይሰማኛል። ከዚያ እንደ ዋዛ አድርጋ፣ "ከኔ ጋር ቢሆንስ?" አለች። "ዔሊ ባይሆን። ከኔ ጋር ሩቅ አገር ብንሄድ፣ እኔና አንቺ?"

"እናቴም ትመጣለች?"

"እሷ አትመጣም።"

"እንግዲያ አልሄድም። አንቺም አትሂጂ።"

"እሺ" አለች።

እንዲሁ 'እሺ' ብቻ። በጣሳ ውሃ ቀድታ ጫማ ያልነበረውን እግሬን አጠበች። በጣቶቼ መካከል ያለውን ጭቃ ሁሉ ሳይቀር፣ ዒድ የደረሰ ይመስል፣ አጥባ በነጠላዋ አደረቀችው። ፊቴንም ጠረገችልኝ። ከዚያ አዝላኝ ወጣች። ለመታዘል ትልቅ ነበርኩ፤ ልውረድ ብላትም እምቢ አለች። ደስ ብሎኝ ነበር። ለእኔ ልትጣላ እየሄደች ነው ብዬ አስቤ ከጀርባዋ ላይ መንገደኛውን ሁሉ በኩራት አየሁ።

ቤታችን ስንደርስ ሦስቱ በረንዳው ላይ ቆመው እየፈለጉኝ ነበር። እናቴ ራሷን ሳትሸፍን ወጥታለች፤ እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም። የሺ ከጀርባዋ አወረደችኝና በትከሻዬ ይዛ ወደ እሷ ገፋችኝ።

"ልጅሽን ያዢ" አለቻት። "አስደንግጠሻታል።"

እናቴ አልነካችኝም። "የሺ፣ አስቢበት" አለች። "እኔ ከልቤ ነው ያልኩሽ።"

"አስቤ ጨርሻለሁ። ያዢያት አልኩሽ እኮ፣ እየተንቀጠቀጠች ነው።"

ያኔ መሱዳ መሬት ላይ ተቀምጣ ወደ ራሷ ሰበሰበችኝ። ሙሉነህ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣለ። አባቴ ወደ ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ። እኔ ከእናቴ ክንድ ስር ሆኜ ዔሊን አየሁት፤ ተሸንፏል። የሺ አሸንፋዋለች።

ሙሉነህ በማግሥቱ ብቻውን በአውቶቡስ ሄደ። ድፎ ዳቦውን በሙሉ ይዞት ሄዷል። የሺ መናኸሪያ ሸኝታው ተመልሳ በረንዳው ላይ ተቀመጠች፤ ለአንድ የጉጂ ሽማግሌ ሱሪ ትሰፋ ጀመር። እናቷ በሚቀጥለው ዓመት ሳታያት ሞተች። ለለቅሶ ሄዳ ስትመለስ ጥቁር ለብሳ፣ ፀጉሯን ተላጭታ ነበር፤ ለእኔ ግን ማር ይዛልኝ መጣች።

እኔ መሱዳን ለብዙ ጊዜ አኮረፍኳት። ፀጉሬን እሷ እንድትሠራኝ አልፈቅድም ነበር፤ ከበረንዳው ካልሆነ አልሠራም እያልኩ ወደ የሺ እሮጣለሁ። እናቴም ዝም ብላ ማበጠሪያውን ትሰጠኛለች። እኔ ጥፋቷን ስላወቀች ነው እል ነበር። ሁለቱ ሴቶች በእኔ ጭንቅላት ላይ የሚለዋወጡትን እይታ ለማየት አንገቴን ቀና ላድርግ ብል የሺ ቀስ አድርጋ ወደ ታች ትመልሰኛለች።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ኢያድ የሚባል የዶሎ ኦዶ ነጋዴ ልጅ ሽማግሌ ላከ። ወድጄው ነበር። አባቴ ከሸኛቸው በኋላ ሳሎን ውስጥ ከእናቴ ጋር ሲከራከሩ ገባሁ። በሸሪዓ ኒካህ ሲታሰር ልጅቷ በወለዳት አባት ስም ነው የምትጠራው፤ ያሳደጋት ሰው እንደ ወለደ ሆኖ ሊድራት አይችልም። አባቴ ይህን ያውቃል።

"ዝም ብንልስ?" ይላል። "ማን ያስታውሳል? እኔ እንጂ ማን አባት ሆናት?"

"ሰው ፊት ዝም ብያለሁ" አለች መሱዳ። "ኒካህ ላይ ግን ውሸት አላሳስርም። አባቷ ስም አለው። የሞተ ሰው ስሙን አይቀማም።" ከዚያ እኔን አየችኝ። "ግቢ" አለችኝ፤ "ተቀመጪ።"

ከመጀመሪያው ጀምራ ሁሉንም ነገረችኝ። ያን ቀን ሙሉነህ ሲመጣ ራሷ ወደ የሺ ቤት ሄዳ ከመሐላሽ ፈትቼሻለሁ፣ ውሰጃት እንዳለቻትም። "በእኔ ወተት መኖርሽን አይታ እሺ አለች እንጂ ያን ጊዜ ታማ ነበር የሰጠችሽ" አለች። "ከታመመ ሰው የተቀበልኩትን፣ ስትድን ይዤ መቅረት አልቻልኩም።"

ተናደድኩ፣ አለቀስኩ፣ ማንን እንደምቀየም አጣሁ። ሲነጋ በረንዳ ላይ ሄጄ ከየሺ ፊት ቆምኩ። ዓይኗ ደክሞ መነጽር አድርጋለች። ፊቴን እንዳየች ማወቄን አወቀች፤ የምትሰፋውን ከመኪናው ስር አውጥታ አስቀመጠች።

"ለምን አልወሰድሽኝም?" አልኳት። "ዳቦው እንኳ ተጋግሮ ነበር።"

"አንቺ እኮ ነሽ የነገርሽኝ" አለች። "እናቴ ልትሰጠኝ ነው ብለሽ መጣሽ። እናቴ ያልሻት እሷን ነው። ስትጨነቂ የሮጥሽው ግን ወደኔ ነው። እኔ ሁለቱንም ይዤ ቀረሁ።" መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጠረገችው። "የመጀመሪያው ጊዜ ታምሜ ነበር፤ ሰጠሻት ቢሉኝም በቅጡ አላስታውሰውም። ያን ቀን ግን ጤነኛ ነበርኩ። አውቄ ነው የሰጠሁሽ። ሐናም እንደዚያው፣ አውቃ ነው።"

ያኔ ነው ሐናን ይቅር ያልኳት። ደግሞ ይቅር ለማለት እኔ ማን ነኝ፤ ብቻ ከዚያ በኋላ ስሟ ሲነሳ ሆዴ ይባባል።

ኒካሁ የታሰረው በቤታችን ነው። ወንዶቹ ከሸኹ ጋር ሳሎን፣ እኛ ሴቶች ከመጋረጃው ወዲህ። የሺ ከጎረቤት ክርስቲያን ሴቶች ጋር በሩ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ሙሉ ቀን ስታስተናግድ ስለዋለች ደክሟታል። ቃዲው በአባት ፈንታ የሚድር ወሊ ሆነውልኝ ሸኹ ቃሉን ሲያሰሙ፣ ድምፃቸው ከመጋረጃው ማዶ ጥርት ብሎ መጣ። "ፋርሂያ፣ የብርሃን ልጅ" አሉ።

ሴቶቹ ተያዩ። አንዲት አሮጊት "ዓብዱሰመድ አይደለም እንዴ አባቷ?" ብላ ስትንሾካሾክ ሌላዋ ጉልበቷን ነካ አድርጋ ዝም አሰኘቻት። የሺ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች። ያን ስም ከሌላ ሰው አፍ ከሰማች እኔን የሚያህል ዕድሜ አልፏታል።

ኒካህ ታሰረ ሲባል በሰፈራችን መጀመሪያ እልል የምትለው የሙሽራዋ እናት ናት። እሷ ሳትጀምር ሌላ ሴት አይጀምርም። ስለዚህ ከመጋረጃው ማዶ "ታሰረ፣ መብሩክ" ሲባል ሁሉም ሰው ወደ መሱዳ ዞረ።

መሱዳ ዝም አለች። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ከንፈሯን ገጥማ ተቀመጠች። የረሳች መስሏቸው አንዷ በክርኗ ነካቻት። አልተንቀሳቀሰችም። ወንዶቹም ማዶ ሆነው እልልታው ሲዘገይባቸው ጨዋታቸው ቆመ፤ አባቴ ሲያስል ሰማሁት።

የሺ አንገቷን እንደደፋች ነበር። ጸጥታው ሲረዝምባት ቀና አለች፤ መሱዳ እያየቻት ነው። ወደ ኋላዋ ዞር ብላ ማንን እንደምታይ ፈለገች።

"አንቺን ነው" አለቻት መሱዳ። "በይ እንጂ፣ የሺ። ሰው እየጠበቀሽ ነው።"

የሺ በግድግዳው ተደግፋ ቆመች። መጀመሪያ አፏን ስትከፍት ድምፅ አልወጣም፤ ትንፋሽ ብቻ። ሁለተኛ ስትሞክር ወጣ፤ ቀጭን፣ የተሰበረ፣ ከዚያ እየጠራ፣ እየረዘመ። ሴቶቹ ሊቀበሏት አፋቸውን ሲከፍቱ መሱዳ እጇን አንስታ አስቆመቻቸው። የሺ ብቻዋን እልል እልል አለች። ጠግባ እስክትጨርስ ማንም አልተቀላቀላትም፤ መሱዳም ጠበቀቻት።